ሰሙ ቀለጠ፣ ወርቁ የታለ?

እኛ የሀበሻ ልጆች የምንከፋፈልበት ነገር አጥተን አናውቅም። በአርሰናልና በማንቼ ተከፋፍለናል። በጥሬና በጥብስ ተከፋፍለናል። ማኪያቶ «ጠቆር ይበል» እና «ነጣ ይበል» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ሳይቀር ተከፋፍለናል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎን ደግሞ ባሕር ዳር ወርደን በሰም መጣላት ጀመርን። ባሕር ዳር ስንል ጣና ላይ ያለችውን ከተማ አይደለም። የምሩን፣ ጨው ጨው የሚለውን የባሕር ዳር ነው፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለውን ዲያኒን።

ጠቡ እንዲህ ነው። ካይት ሰርፊንግ የሚጫወት ሰው፣ የእግር ማሰሪያ በሌለው ቦርድ ላይ ከቆመ፣ እግሩ እንዳያንሸራትተው አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ወይ ቦርዱን ሰም ይቀባል፣ ወይ ፓድ ይለጥፍበታል። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ በልጆቹ መካከል አንድ ያልተጻፈ ሕግ መውጣቱ ነው፦ ሰም የቀባ አራዳ፣ ፓድ የለጠፈ ፋራ። ሰም የ«እውነተኛ ሰርፈር» ምልክት ነው፤ ፓድ የጀማሪ፣ የፈሪ፣ የቱሪስት ነው። ይህን የሚሉት ደግሞ ሰሙን ከቀቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ በረዶ ላይ ፍየል ሲንሸራተቱ የምናያቸው ራሳቸው ናቸው።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገርና እንገላገል። በሞቀ ባሕር፣ በአሸዋማ ዳርቻ፣ በካይት የምትጋልቡ ከሆነ ፓድ ለጥፉ። ሰሙን በቀዝቃዛ ውኃ ለሚኖሩት ተዉላቸው። «አራዳ»ና «ፋራ» የሚለውን ክፍፍል ደግሞ ለማንም ሳትተዉ ባሕሩ ውስጥ ጣሉት።

«ባሕር የሌለው ሕዝብ ስለ ባሕር ሰም ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ባሕር የለንም። ባሕር የለንም ማለት ግን ወደ ባሕር የሚሄድ እግር የለንም ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር አውሮፕላን አለ። ዱባይ ለሥራ የሄዱት ጓደኞቻችን በዕረፍት ቀናቸው «ካይት ቢች» የሚባለው ዳርቻ ላይ ይውላሉ። ኔታንያና አሽዶድ ተወልደው አማርኛን ከእናታቸው ጓዳ የተማሩት ደግሞ ሜዲትራኒያን ሰፈራቸው ነው። ባሕሩ የእኛ ባይሆንም ጉልበቱ የእኛ ነው። ጉልበት ስንል ደግሞ በሁለቱም ትርጉሙ ነው፤ አቅሙም፣ ከጭንና ከባት መሀል ያለው መገጣጠሚያም። የዚህ ክርክር ሒሳብ የሚከፈለው በሁለቱም ነውና።

ለማያውቀው ጉዳዩን እናስረዳ። ካይት ሰርፊንግ በነፋስ የተነፋ ትልቅ ካይት፣ ሃያ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚረዝሙ ገመዶች ወገብ ላይ ከታሰረ ቀበቶ ጋር ተያይዞ፣ ሰውን በቦርድ ላይ አቁሞ በውኃ ላይ የሚጎትትበት ስፖርት ነው። ቦርዱ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ የእግር ማሰሪያ ያለው ነው፤ ጀማሪ የሚማረው በዚህ ነው፤ እሱ ላይ ጠብ የለም። ሁለተኛው ፊትና ኋላ ያለው፣ ቅርጹ የሰርፍ ቦርድ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ማሰሪያ የሚጋለብ ነው። ማዕበል ላይ የሚወጣው በዚህኛው ነው። ላዩ ፋይበርግላስና ሬዚን ስለሆነ ውኃ ሲነካው ሳሙና እንደፈሰሰበት የባኞ ቤት ወለል ይሆናል። በባዶ እግር ቆሞ፣ ወገብን ካይት እየጎተተው፣ እዚያ ላይ መቆየት አይታሰብም።

ሰሙ የእጅ ሳሙና የምታህል ቁራጭ ናት። ቦርዱ ላይ ትፈተጋለች፤ ስትፈተግ ጥቃቅን እንክብሎች ትሠራለች፤ እግር እነሱን ይይዛል። ፓዱ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፎም ንጣፍ ነው። ከበስተኋላው ማጣበቂያ አለው፤ ላዩ የተቦረቦረ ነው። የተሠራበት ኢቪኤ የሚባለው ነገር የስፖርት ጫማችሁ ሶል ውስጥ፣ ቤት የምታጠልቁት ሲሊፐር ውስጥ ያለው ነው። አንዴ ይለጠፋል፤ በደንብ ከተለጠፈ ዓመታት ይቆያል።

(እህቶቻችን «ፓድ ገዛሁ» ሲሉ እየተጠቃቀሱ የሚስቁ ወንድሞች እንዳሉም ሰምተናል። ሳቃችሁን ጨርሱ፤ እንጠብቃለን። ጨረሳችሁ? እንቀጥል።)

አሁን ወደ «እውነተኛው ሰርፈር» ተረት እንሂድ። ሰም የሰርፍ ባህል መሆኑን ማንም አይክድም። የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልፍሬድ ጋለንት የሚባል ወጣት፣ ቤታቸው በሰም የተወለወለ ወለል ላይ ሲቆም እግሩ ሲይዝለት ጊዜ፣ ያንኑ የወለል ሰም ቦርዱ ላይ ሞከረው። ከዚያ ፓራፊን መጣ፤ ከዚያ ለሰርፍ ተብሎ የሚሠራ ሰም መጣ። ፓዱስ ከየት መጣ? እሱም የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ ሄርቢ ፍሌቸር የተባለው የካሊፎርኒያ ሰርፈር «አስትሮዴክ» በሚል ስም መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። አንዱን ንጉሥ፣ ሌላውን ባሪያ ያደረገው ታሪክ ሳይሆን ወሬ ነው።

ካይት ሰርፊንግ ደግሞ የሁለቱም ታናሽ ነው። ውኃ ላይ ወድቆ መልሶ የሚነሳውን የሚነፋ ካይት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጋኙ የተባሉ የፈረንሳይ ወንድማማቾች በባለቤትነት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ገበያ ላይ በደንብ የወጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ጌታው፣ «አባቶቻችን ሰም ነበር የሚቀቡት» የሚል ክርክር እዚህ አይሠራም። የዚህ ስፖርት አባቶች ገና ጡረታ ለመውጣት ጊዜያቸውን የሚጠብቁ ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለምን ፓድ?

አንደኛ፣ በካይት የሚጋልብ ሰው በደረቱ አይተኛም። ብዙ ሰው የማያስበው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ተራ ሰርፈር ማዕበል ለመያዝ በደረቱ ተኝቶ በእጁ ይቀዝፋል። ቦርዱ ፊት ላይ ፓድ ቢለጥፍ ሲቀዝፍ ደረቱንና ሆዱን ይልጠዋል። ስለዚህ ሰርፈሮች ከጥንት ጀምሮ ፓድን ከኋላ፣ ለኋላ እግር ብቻ አድርገው ፊቱን ሰም ይቀባሉ። ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ቆዳቸው ነው። የካይት ጋላቢን ግን ከውኃ ውስጥ አንስቶ የሚያቆመው ካይቱ ነው። ከዚያ በኋላ ቆሞ ይሄዳል፣ ቆሞ ይመለሳል። ደረቱ ቦርዱን አይነካም። የሰሙ ዋና ምክንያት የለም ማለት ነው። ምክንያቱ የቀረ ልማድ ምን ይባላል? እኛ ኩረጃ እንለዋለን።

ሁለተኛ፣ ሙቀት። ሰም በሙቀት ደረጃ ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ከ15 ዲግሪ በታች ላለ ውኃ የሚሆን አለ፤ ከ24 በላይ ላለው «ትሮፒካል» የሚባል ደረቅ ሰም አለ፤ በመካከል ሌሎች አሉ። የዲያኒ ባሕር ዓመቱን ሙሉ ከ25 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። የዱባዩ በሐምሌና በነሐሴ ከ30 በላይ ነው። ይህ ማለት ከሰሙ ሁሉ ደረቁን፣ ጫፍ ላይ ያለውን ገዝታችሁ እንኳ መነሻችሁ ጫፍ ላይ ነው። ውኃው ውስጥ እንደምንም ይይዛል እንበል። ችግሩ ያለው ከመግባታችሁ በፊት ነው። ካይት ተነፍቶ፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ ተፈትሾ እስኪያልቅ ቦርዱ ፀሐይ ላይ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰሙ ይላላል፤ ይወዛል፤ እንክብሎቹ ይሞቱና ቅቤ የተቀባ መጥበሻ ይቀራል። በመኪና ኮፈን ውስጥ ረስታችሁት ከሆነማ አትጠይቁን። አንዳችን ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ ይዛ የሄደችው ሰም ሱሪዋን ሰርፍ አስደርጓታል።

ሦስተኛ፣ አሸዋ። ተራ ሰርፈር ቦርዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቀጥ ብሎ ውኃ ይገባል። ካይት ጋላቢ የሚወጣው ነፋስ ሲኖር ነው፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ዳርቻው ላይ አሸዋ ይበራል። የዲያኒ ሁለቱ ነፋሶች፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው «ኩሲ»ና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው «ካስካዚ»፣ የሚወደዱት በዚሁ ኃይላቸው ነው። ያንን የዱቄት ያህል የላመ ነጭ አሸዋ አንስተው የላላ ሰም ላይ ያለብሱታል። በሰዓት ውስጥ ቦርዳችሁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መያዙስ ይይዛል፤ እግራችሁንም ይልጣል። ከዚያ ሰሙን በማበጠሪያው መቧጨር፣ መፋቅ፣ እንደገና መቀባት። አንድ ያልጠቀስነው የኪራይ ቤት ለአንዳችን የሰጣት ቦርድ ከአሸዋውና ከሰሙ ብዛት የተነሳ የኮብልስቶን መንገድ ይመስል ነበር። ፓድ ላይም አሸዋ ይቀመጣል። ልዩነቱ አንዴ ውኃ ሲነካው ታጥቦ መሄዱ ነው።

አራተኛ፣ ዓይን። ካይት የሚያበርር ሰው ዓይኑ ሰማይና ማዕበል ላይ ነው፤ እግሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ፓድ በጣት የሚነበብ ነገር አለው። ከኋላ ከፍ ያለ ተረከዝ መሰል ግድግዳ፣ መሀል ላይ የውስጥ እግር የሚያርፍበት ጉብታ። እግራችሁ የት እንዳለ ሳታዩ ታውቃላችሁ። ሰም የተቀባ ቦርድ ግን ከጫፍ ጫፍ አንድ ነው፤ ለእግር ምንም አይነግረውም።

አምስተኛ፣ ማንም የማያወራው፦ የፀሐይ ክሬም። በዚህ ፀሐይ ክሬም ሳይቀባ የሚወጣ ሞኝ ነው። ክሬሙ ዘይት አለው፤ ከእጅ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ቦርድ ይሄዳል። ሰምና ዘይት ሲገናኙ የሚሆነውን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም፤ ወጥ ሠርቶ ማወቅ ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያመጡት ውጤት ነው እኛን ያንጨረጨረን። እግር የሚያንሸራትተው ቆሞ ወሬ በሚወራበት ጊዜ አይደለም። ካይቱ በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት፣ ተረከዝ ቦርዱን ወደ ነፋሱ ሲጫን ነው። ያኔ የፊት እግር ቢሸሽ፣ ሁለቱ እግሮች በተለያየ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ጉልበት ደግሞ የተሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ለመታጠፍ ነው። ጉልበቱ የተጠመዘዘ ልጅ አገሩ ሲገባ «ሰርፊንግ ላይ ነው» ብሎ ማውራት ይችል ይሆናል። ፊዚዮቴራፒው ግን በወሬ አይከፈልም። ሌላዋ ደግሞ ጉልበቷ ሳይነካ ብትወጣ እንኳ አሥር ጊዜ ከወደቀች በኋላ «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ትተወዋለች። ያልተፈጠረላት ስፖርቱ አይደለም፤ የቀለጠው ሰም ነው። ሚዛን የላትም ሲሏት የነበሩት ሁሉ ሚዛኗን አላዩም፤ ለሷ የነገሯት ራሳቸውን ያኮራቸውን ነው።

የሰሙን ወገን ክርክር ደግሞ ሳንሰማ አናልፍም። ፍርደ ገምድል እንዳንባል።

«ሰም ቦርዱን እንድትሰማው ያደርጋል» ይላሉ። ይህ እውነት አለው። ፓድ በእግርና በቦርድ መካከል የሚገባ ንጣፍ ነው፤ ሰም ግን ስስ ነው። ቦርዱ ሲንቀጠቀጥ፣ ውኃው ሲቀየር በሰም ላይ ቶሎ ይሰማል። እግራቸውን በየማዕበሉ ወዲያና ወዲህ የሚያንሸራሽሩ ጌቶችም የፈለጉበት ቦታ ሁሉ መያዣ ያገኙበታል። ይህንን ለጌቶቹ እንሰጣለን። ግን እናንተ ወንድሞቻችን፣ ገና ወደ ነፋሱ መመለስ የተማራችሁት ባለፈው ወር አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ቁሙ፤ ስሜቱ ኋላ ይመጣል። ደግሞም ዛሬ ቀጫጭን ፓዶች አሉ፤ ስሜቱን የሚወስዱት እንደ ድሮው አይደለም።

«ሰም ርካሽ ነው» ይላሉ። ቁራጩ ርካሽ ነው፤ ጥቂት ዶላር ነው። የሙሉ ቦርድ ፓድ የዚያ አሥርና ሃያ እጥፍ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ለተማሪ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እኛም የደመወዛችን ልክ ተጽፎ ቢወጣ የምናፍር ሰዎች ነን። ግን ካልኩሌተር እናውጣ። በሞቀ ባሕር አዘውትሮ የሚጋልብ ሰው በወር ሁለት ቁራጭ ይጨርሳል እንበል፤ አንዱ ሦስት ዶላር ቢሆን በዓመት ሰባ ሁለት ዶላር ነው። ማበጠሪያውን፣ መፋቂያውን፣ በየቀኑ የሚባክነውን ሰዓት ሳንጨምር። ፓዱ በዚያ ገንዘብ ይገዛል ወይም ይቀርባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አሁንም አለ። ድሃን የሚያደኸየው ትልቁ ወጪ አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ የሚወጣው ነው። የሞባይል ካርድ በአምስትና በአሥር ብር እየሞላን ያደግን ልጆች ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም። በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ የምትሄዱ ደግሞ ቦርድ አትግዙ፤ ስትከራዩ «ፓድ ያለውን ስጡኝ» በሉ። አታፍሩ።

«ፓድ ፕላስቲክ ነው፤ ባሕር ይበክላል» ይላሉ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንናገር፤ ነገሩ ቀልድ አይደለምና። ኢቪኤ ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም፤ ሲያረጅ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ንጹሕ ነው የሚል ከኛ ወገን የለም። ግን ያቺ ብዙ የምትሸጠው ሰም ከምን የተሠራች ይመስላችኋል? አብዛኛዋ ፓራፊን ናት፤ ፓራፊን ደግሞ የነዳጅ ልጅ ነው፤ ሻማ የምናደርገው ያው። ሁለቱም የአንድ ጉድጓድ ውላጆች ናቸው። ልዩነቱ ፓዱ ቦርዱ ላይ ተጣብቆ ዓመታት ሲቆይ፣ ሰሙ በየቀኑ እየተላጠ ባሕር ውስጥ መግባቱ ነው። ለባሕሩ የምር የሚያስብ ሰው የንብ ሰም ያለበትን፣ ፓራፊን የሌለበትን ይግዛ፤ እንዲህ ያለው ይሠራል፤ ይሸጣል። እንዲያውም እዚህ ላይ እኛ የምንናገረው አለን። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከዓለም ስማቸው ከሚጠሩ አገሮች አንዷ ናት። ጠጅ ተጥሎ ሰፈፉ ሲወጣ ከዚያ የሚነጠረው ሰም ጧፍ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ወደ ውጭም ይላካል። አንድ ቀን ከጠጅ ቤት የወጣ ሰም የቀዝቃዛ አገር ሰርፈር እግር ሥር ቢገባ እኛ ቀድመን እናጨበጭባለን። የፓራፊን ቁራጭ ይዞ ስለ ተፈጥሮ የሚሰብክን ግን አንሰማም።

«ትልልቆቹ ሰዎች ያለ ማሰሪያ፣ በእግራቸው ብቻ ነው የሚጋልቡት» ይላሉ። ልክ ነው፤ ታዲያ ይህ የሰም ማስረጃ የሆነው በምን ሒሳብ ነው? ያለ ማሰሪያ መጋለብን ለዓለም ካሳዩት ስሞች አንዱ ሚቱ ሞንቴሮ ነው፤ የኬፕ ቨርዴ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በማዕበል የዓለም ሻምፒዮን የሆነ። ከሳል ደሴት፣ ፖንታ ፕሬታ ከሚባል ማዕበል የወጣ አፍሪካዊ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣውና ደጋግሞ ሻምፒዮን የሆነው ኤርተን ኮዞሊኖም የዚያችው ደሴት አገር ልጅ ነው። እነዚህን ልጆች ትልቅ ያደረጋቸው ነፋሳቸውን፣ ድንጋያቸውን፣ ማዕበላቸውን ማወቃቸው ነው፤ የካሊፎርኒያን ልማድ ማጥናታቸው አይደለም። ከእነሱ የምንማረው ካለ ይህ ነው፦ የቆምክበትን ውኃ እወቅ።

የቆምክበትን ውኃ እወቅ ካልን ደግሞ ለሰሙም ፍርድ መስጠት አለብን። ኬፕታውን ሂዱ። ብሉበርግ ዳርቻ ላይ፣ ከጠረጴዛው ተራራ ፊት ለፊት፣ «ኬፕ ዶክተር» የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በነሱ በጋ ሲነሳ ሰማዩ በካይት ይሞላል። ውኃው ግን አትላንቲክ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ሳይቀር አጥንት ድረስ የሚገባ ቅዝቃዜ ነው። እዚያ ሰም አይቀልጥም፤ ደረቅ ብሎ ቀጥ ይላል። እዚያ ሰም የቀባን ሰው ኮፊያችንን አንስተን ሰላም እንለዋለን። አየርላንድም፣ ብሪታኒም፣ ሰሜን ካሊፎርኒያም እንዲሁ። ጥያቄያችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቴርሞሜትሩ ምን ይላል? «ጓደኞቼ ምን ይላሉ?» የሚለው ጥያቄ ውኃ ውስጥ መልስ የለውም።

ልባችሁ ለፓድ ካዘነበለ ታዲያ በሥርዓቱ ለጥፉት፤ «ፓድ ይላቀቃል» የሚለው ሐሜት ግማሹ የሚመጣው ከአለጣጠፍ ነው። ሰም የነበረበትን ቦርድ ትንሽ ፀሐይ ላይ አሙቃችሁ ሰሙን በፕላስቲክ መፋቂያ ጨርሱት። ቀጥሎ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ደጋግማችሁ ወልውሉ፤ ቅባት ከቀረ ማጣበቂያው አይይዝም። ቦርዱ ላይ ቆማችሁ የእግራችሁን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ የጓደኛችሁን ልክ አትውሰዱ፤ እግራችሁ የእናንተ ነው። ስንጥቅ ካለ ፓድ አትልበሱበት፤ መጀመሪያ አስጠግኑት፤ አለዚያ ከሥር ውኃ እየጠጣ ቦርዱን ይገድለዋል። ከመሀል ወደ ዳር እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡ፤ ጠርዙን በደንብ ተጫኑ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ አታስነኩት። አዎ፣ ነፋስ እያለም ቢሆን። ያቺን አንድ ቀን ያልታገሠ ነው ኋላ ፓዱ ሲላጥ «ድሮም ፋራ ነገር ነው» የሚለው። ጫፉ ብቻ ከተነሳባችሁም ጣሉት አትባሉም፤ አድርቃችሁ በውኃ በማይለቅ ማጣበቂያ መልሱት። ጫማ በማስቲሽ እያጣበቀ ያደገ ሕዝብ ይህ አያቅተውም።

የተነሳንበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። የፎም ንጣፍና የሰም ቁራጭ። ከሥሩ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ገና ለገና አንድ ነገር ከሩቅ አገር፣ ከቪዲዮ፣ ከታዋቂ ሰው መጣ ብለን ለአየሩም ለእግራችንም ይስማማ እንደሆን ሳንጠይቅ እንቀባዋለን። ከዚያ ያልቀባውን እናሾፍበታለን። በጥር ሙቀት የቆዳ ጃኬት የሚለብስ ጓደኛ የሌለው እጁን ያውጣ። ራስን ለማስከበር ሲባል የሚደረግ ነገር መጨረሻው ላብ ነው፤ ባሕር ላይ ሲሆን ደግሞ መጨረሻው የተጠመዘዘ ጉልበት ነው።

ቅኔ የሚያውቁ አባቶቻችን ሰም የሚቀልጠው ወርቁ እንዲወጣ ነው ይላሉ። ወርቅ አንጥረኛውም ቢሆን ሰሙን የሚያቀልጠው በቦታው ወርቅ ሊያፈስበት ነው። የዲያኒን ሰም ግን አየነው፤ ቀለጠ፤ ሥሩ ያለው ባዶ ፋይበርግላስ ነው። ስለዚህ ሰም የተቀባ ቦርድ ይዞ ዳርቻው ላይ ፋራ ብሎ የሚጠራችሁ ሰው ከመጣ አትጣሉት። ውኃ ውስጥ ግቡና ከዚያ ጠብቁት። ቆሞ ከደረሰ ይናገር።